ዊልያም ሃልስቴድ

ዊልያም ስቱዋርት ሃልስቴድ (ሴፕቴምበር 23 ቀን 1852 – ሴፕቴምበር 7 ቀን 1922 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የቀዶ ጥገና ሐኪምና መምህር ነበር። በባልቲሞር ከተማ የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የመጀመሪያው የቀዶ ጥገና ክፍል ዋና ኃላፊ ነው። ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣው ለጡት ካንሰር ባደራጀው ከባድ ቀዶ ጥገና ሲሆን፣ ይህም ጡትን፣ ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና በብብት ውስጥ ያሉትን ሊምፍ ኖዶች በአንድ ላይ አውጥቶ የሚጥል ነው። ይህ አሠራር ለሰባ አምስት ዓመታት ያህል በአሜሪካና በብዙ አገሮች የጡት ካንሰር ዋና ሕክምና ሆኖ ቆይቷል። ከዚህ ሌላ የጎማ ጓንትን በቀዶ ጥገና ክፍል በማስገባት፣ በነርቭ አጠገብ በሚወጋ ማደንዘዣ፣ በብሽሽት ቡአ ሕክምናና በሬዚደንት ሐኪሞች ሥልጠና ይታወቃል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቤተሰብ ሁኔታና ትምህርት

ሃልስቴድ የተወለደው በኒው ዮርክ ከተማ ከባለጸጋ የነጋዴ ቤተሰብ ነው። አባቱ የጨርቃ ጨርቅ አስመጪ ድርጅት ባለቤት ከሆኑት አንዱ ነበር። ልጁ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር አንዶቨር በሚገኘው የፊሊፕስ አካዳሚ ተምሮ በ1869 ከጨረሰ በኋላ በ1870 ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዬል በትምህርቱ ይህን ያህል የሚወራለት ተማሪ አልነበረም፤ የሚታወቀው በስፖርት ነበር፣ የእግር ኳስ ቡድኑም አምበል ሆኖ ነበር። ወደ መጨረሻው ዓመት ግን የአናቶሚና የፊዚዮሎጂ መጻሕፍት ገዝቶ ማንበብ ጀመረ። በ1874 ከዬል ተመርቆ በኒው ዮርክ የሐኪሞችና የቀዶ ጥገና ባለሙያዎች ኮሌጅ ገባና በ1877 በሕክምና ዶክትሬቱን አገኘ።

ከ1878 እስከ 1880 በአውሮፓ ቆየ። በዚያ ዘመን የቀዶ ጥገና ትምህርት የበለጸገው ጀርመንኛ በሚነገርባቸው አገሮች ስለነበር፣ ሃልስቴድም በቪየና፣ በሃለ፣ በላይፕሲግ፣ በቩርስቡርግና በሌሎችም ከተሞች ዞረ። በቪየና የቴዎዶር ቢልሮትን፣ በሃለ ደግሞ የሪቻርድ ፎን ፎልክማንን ሥራ ተመለከተ። ሁለቱም በኋላ ለጡት ካንሰር ሥራው ምክንያት ስለሆኑ ስማቸውን መያዝ ያስፈልጋል። ከአውሮፓ ሁለት ነገር ይዞ መጣ ማለት ይቻላል። አንደኛው የጆሴፍ ሊስተር የጀርም መከላከል ዘዴ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ወጣት ሐኪም ከታላላቅ ሊቃውንት ሥር ዓመታት ቆይቶ ደረጃ በደረጃ የሚያድግበት ሥርዓት ነው።

ኒው ዮርክ

በ1880 ወደ ኒው ዮርክ ተመልሶ በአንድ ጊዜ በብዙ ሆስፒታሎች መሥራት ጀመረ። ያን ጊዜ የነበረው ሃልስቴድ ደፋር፣ ፈጣንና ተጫዋች ሰው ነበር። በኋላ በባልቲሞር ከሚታወቀው ዝምተኛና ዘገምተኛ ሐኪም ጋር አንድ ሰው ነው ብሎ ለማመን ያስቸግራል።

የዚህ ድፍረት ሁለት ምሳሌዎች ከገዛ ቤተሰቡ ናቸው። በ1881 እህቱ ወልዳ ደም በብዛት ፈስሷት ልትሞት ስትቃረብ ደረሰ። ከራሱ ክንድ ደም ቀድቶ በእህቱ ደም ሥር ውስጥ አስገባ፣ ከዚያም ደሙን የሚያቆም ሥራ ሠራ፤ እህቱም ዳነች። የደም ዓይነቶች መኖራቸው ያን ጊዜ ገና አልታወቀም ነበር፣ ስለዚህ ይህ ዕድልም ነበረበት። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እናቱ በጽኑ ታመመች። ሌሎቹ ሐኪሞች ምክንያቱን ማግኘት ሲያቅታቸው እሱ የሐሞት ከረጢት በሽታ መሆኑን ተረዳ፤ በሌሊት በኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ከፈታት፣ መግሉንና ጠጠሮቹን አወጣ። እናቱ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ኖራለች።

ኮኬይን

በ1884 በቪየና የሚሠራው ካርል ኮለር የተባለ የዓይን ሐኪም ኮኬይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ አስታወቀ። ወሬው ኒው ዮርክ በደረሰ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሃልስቴድና ባልደረቦቹ መድኃኒቱን በነርቭ አጠገብ ቢወጉት ነርቩ የሚያዝዘው የሰውነት ክፍል በሙሉ እንደሚደነዝዝ አሳዩ። ጥርስ ሲነቀል መንጋጋን የሚያደነዝዘው መርፌ ከዚህ ሥራ የመጣ ነው። ሙከራውን ግን የሚያደርጉት በራሳቸውና እርስ በርሳቸው ላይ ነበር፤ ኮኬይን ሱስ እንደሚያስይዝም ያን ጊዜ አያውቁም ነበር። ከባልደረቦቹ ብዙዎቹ በዚሁ ጠፉ። ሃልስቴድም ተያዘ። በ1885 ስለ ኮኬይን ያሳተመው ጽሑፍ ሐረጉ ከሐረግ የማይገናኝ፣ ማሰሪያው የጠፋ ነው፤ ከሱስ ውስጥ ሆኖ እንደጻፈው ያስታውቃል።

በ1886 በሮድ አይላንድ ፕሮቪደንስ በሚገኘው በትለር ሆስፒታል ለወራት ተኛ። የዘመኑ ሕክምና ኮኬይንን በሞርፊን መተካት ስለነበር ከአንዱ ሱስ ወደ ሌላው ተሻገረ። በ1887 እንደገና ወደዚያው ሆስፒታል ገብቷል። ለረጅም ጊዜ ሕዝቡም ብዙ ባልደረቦቹም ፈጽሞ እንደተወው ያምኑ ነበር። የቅርብ ወዳጁ ዊልያም ኦስለር ግን ስለ ሆስፒታሉ የውስጥ ታሪክ ጽፎ አሽጎ ያስቀመጠው ማስታወሻ በ1969 ሲከፈት፣ ሃልስቴድ በባልቲሞር ሳለም ሞርፊን ይወስድ እንደነበረ ታወቀ። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚተረከው ሥራ ሁሉ የተሠራው ሱሱን ደብቆ በሚኖር ሰው ነው።

ባልቲሞር

የኒው ዮርክ ሥራው ከተበላሸ በኋላ ያነሣው ወዳጁ ፓቶሎጂስቱ ዊልያም ዌልች ነው። ዌልች በአዲሱ የጆንስ ሆፕኪንስ ተቋም ላቦራቶሪ ያቋቋመ ሲሆን፣ በ1886 መጨረሻ ሃልስቴድን ወደዚያ ወሰደው። ሃልስቴድ በውሾች ላይ የአንጀት ስፌትን አጠና። መርፌው የአንጀትን ውጫዊ ሽፋን ብቻ ሲይዝ እንደሚቀደድ፣ ከውስጠኛው ሽፋን ሥር ያለውን ጠንካራ ንጣፍ ሲይዝ ግን እንደሚጸና አሳየ። ይህ ውጤት ዛሬም ለተማሪዎች ይነገራል።

ሆስፒታሉ በ1889 ተከፈተ። ሃልስቴድ መጀመሪያ በጊዜያዊነት፣ በ1890 የቀዶ ጥገና ዋና ኃላፊ ሆኖ፣ በ1892 ደግሞ በፕሮፌሰርነት ተሾመ። ከዌልች፣ ከኦስለርና ከማህፀን ሐኪሙ ሃዋርድ ኬሊ ጋር የሆስፒታሉ አራቱ መሥራቾች ይባላሉ፤ ሠዓሊው ጆን ሲንገር ሳርጀንት አራቱን በአንድ ሸራ ላይ ሥሏቸዋል።

በባልቲሞር የቀዶ ጥገናው ጠባይ ተለወጠ። እንደ ድሮዎቹ ሐኪሞች በሰዓት መሮጥ ቀረ። እያንዳንዱን የደም ሥር በመቆንጠጫ ይዞ፣ በቀጭን ሐር እያሰረ፣ ሥጋውን ሳያደቅቅና ሳይጎትት፣ ሽፋን በሽፋን እየሰፋ ይሠራ ነበር። አንድ ሥራ ብዙ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ይህን ትዕግሥት ሳያውቁ የሚቀጥለውን ክፍል መረዳት አይቻልም፤ የሃልስቴድ የጡት ቀዶ ጥገና በፈጣን እጅ የሚሠራ አልነበረምና።

የጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንዲት ሴት ለጡት ካንሰር ወደ ሐኪም ስትመጣ ብዙውን ጊዜ እብጠቱ ትልቅ ሆኖ፣ አንዳንዴም ቆስሎና ሸቶ ነበር። በመሣሪያ የሚደረግ ቅድመ ምርመራ የለም፤ ጨረርም መድኃኒትም የለም። ያለው ቢላዋ ብቻ ነው። ቢላዋውም ብዙ አይጠቅምም ነበር፤ ጡቱ ከተቆረጠ በኋላ ካንሰሩ በዚያው ጠባሳ ላይ ተመልሶ ይበቅላልና። ሃልስቴድ የአውሮፓን ታላላቅ ሐኪሞች መዝገብ ሰብስቦ ሲያወዳድር፣ በቢልሮት ዘንድ ከመቶ 82፣ በፎልክማን ዘንድ ከመቶ 60 የሚሆኑት ሕመምተኞች በዚያው ስፍራ እንዳገረሸባቸው አገኘ። ከሁሉ የተሻሉት እንኳ ከመቶ 50 በታች አልወረዱም።

የለንደኑ ሐኪም ቻርልስ ሙር በ1867 ለዚህ ምክንያት ሰጥቶ ነበር። ካንሰሩ የሚመለሰው ሐኪሙ ቆራርጦ ስለሚያወጣውና በቢላዋው ዘር ስለሚተው ነው፤ ስለዚህ ጡቱ ከነአካባቢው በአንድ ቁራጭ መውጣት አለበት የሚል ነው። ፎልክማን ደግሞ የደረት ጡንቻውን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን አብሮ ማንሣት ጀመረ። ሃልስቴድ ከዚህ አንድ እርምጃ ሄደና ጡንቻውን ራሱን አነሣ። ሰፊ የጡት ቆዳ፣ ሙሉ ጡት፣ ትልቁ የደረት ጡንቻ፣ የብብት ስብና በውስጡ ያሉት ሊምፍ ኖዶች በሙሉ አንድ ሆነው፣ ሳይከፋፈሉ ይወጣሉ። ከጊዜ በኋላ ትንሹን የደረት ጡንቻም ጨመረ፣ ከአንገት ሥር ባለው አጥንት በላይ ያሉትን ኖዶችም መጥረግ ጀመረ። ቆዳው ስለማይገጥም ባዶውን ስፍራ ከሌላ የሰውነት ክፍል በተነሣ ስስ ቆዳ ይሸፍነው ነበር።

ይህን አሠራር በኒው ዮርክ ሳለ ጀምሮት ነበር። ሙሉውን ዘገባ በ1894 አሳተመ፤ ከ1889 ጀምሮ በሆስፒታሉ የታከሙ 50 ሴቶችን የያዘ ነው። በቀዶ ጥገናው ስፍራ ያገረሸባቸው 3 ብቻ ነበሩ፣ ማለትም ከመቶ 6። በዚያው ዓመት የኒው ዮርኩ ሐኪም ቪሊ ማየር ሃልስቴድን ሳይጠይቅ ራሱ ያገኘውን ተመሳሳይ አሠራር አሳተመ፤ ለዚህም አንዳንድ መጻሕፍት ሁለቱንም ስም አብረው ይጠሩታል።

ከመቶ 82 ወደ ከመቶ 6 መውረድ የማንንም ሐኪም ልብ የሚያሸንፍ ቁጥር ነው። ነገር ግን ቁጥሩ የሚለካውን ልብ ማለት ይገባል። የሚለካው ካንሰሩ በዚያው ስፍራ መመለሱን ነው፤ ሴቲቱ በሕይወት መኖሯን አይደለም። በእርግጥ ለብዙ ሴቶች ደረታቸው ላይ የሚሸት ቁስል ሳይኖር መኖር፣ በመጨረሻው በጉበት ወይም በሳንባ በተሰራጨ ካንሰር ቢሞቱም እንኳ፣ ቀላል ነገር አልነበረም። የሃልስቴድ ተከታዮች ግን ሁለቱን መለኪያዎች ብዙ ጊዜ አደባልቀዋቸዋል።

ዋጋውም ከባድ ነበር። ደረቱ ጎድጉዶ የጎድን አጥንት ከቆዳ ሥር ይታያል፣ ክንድ ያብጣል፣ ትከሻ ይታሰራል። ሃልስቴድ በ1894ቱ ጽሑፍ ይህን አንሥቶ፣ የክንድ ጉዳት ከሕይወት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ ደግሞም ታካሚዎቹ በአማካይ 55 ዓመት የሚጠጋቸው በመሆናቸው ብዙ የሚሠሩት የላቸውም ወደሚል ሐሳብ ይሄዳል። ልብስ የምታጥብ፣ ውሃ የምትቀዳ፣ የልጅ ልጅ የምታዝል የ55 ዓመት ሴት ይህን ብትሰማ ምን እንደምትል መገመት ቀላል ነው። ያም ሆኖ የክንድ እብጠቱ ነገር እስከ መጨረሻው አልተወውም፤ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በ1921፣ ስለ እብጠቱ ምክንያትና መከላከያ የጻፈው ጽሑፍ ታትሟል። ዋናው መንሥኤ የቁስል ማመርቀዝ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ሊምፍ ኖዶችና የሃልስቴድ አስተሳሰብ

ሊምፍ በሰውነት ውስጥ በቀጫጭን ቱቦዎች የሚሄድ ፈሳሽ ነው። ቱቦዎቹ በመንገዳቸው ላይ የባቄላ ፍሬ በሚመስሉ ትናንሽ አካላት ውስጥ ያልፋሉ፤ ሊምፍ ኖድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። እግር ቆስሎ ብሽሽት ላይ ሲያብጡ ሕዝቡ ንፍፊት ይላቸዋል። ከጡት የሚወጣው ሊምፍ አብዛኛው ወደ ብብት ስለሚሄድ፣ የጡት ካንሰርም ከጡት ውጭ መጀመሪያ የሚታየው ብዙ ጊዜ በብብት ነው። ሐኪም ጡት ሲመረምር ብብትን የሚዳስሰው ለዚህ ነው።

በሃልስቴድ ዘመን የነበረው ትምህርት ከጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኾ የወረደ ነው። ሊምፍ ኖድ እንደ ወንፊት ነው፤ የካንሰሩን ሕዋሳት ይዞ ለጊዜው ያግዳቸዋል፤ ሲሞላ ግን ያሳልፋቸዋል። ሃልስቴድ ይህን ተቀብሎ አጠበቀው። በእሱ እምነት የጡት ካንሰር ከመካከል ወደ ዳር በሥርዓት የሚሰፋ ነው፤ መጀመሪያ ጡት፣ ከዚያ ብብት፣ ከዚያ አንገት፣ ከዚያ ሩቅ አካላት። ወደ ጉበትና ወደ አጥንት የሚደርሰው እንኳ በደም ሳይሆን በሊምፍና በሥጋ ሽፋኖች እየተሳበ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ይህ እውነት ከሆነ የቀዶ ጥገናው ውሳኔ ቀላል ነው። ካንሰሩን በሩጫ መቅደም፣ ከደረሰበት አንድ በር አልፎ መቁረጥ ነው። ሴቲቱ ካንሰሩ ተሰራጭቶ ብትሞት ደግሞ ሐኪሙ ሰፋ አድርጎ አልቆረጠም ወይም እሷ ዘግይታ መጥታለች ማለት ይሆናል። እዚህ ላይ የአስተሳሰቡ አደገኛነት ይታያል፤ ምንም ውጤት ቢመጣ አስተሳሰቡን የሚያፈርስ አይደለም፤ ሁልጊዜ ወደ ሰፊ ቀዶ ጥገና ይገፋል። በ1890ዎቹ መጨረሻ ረዳቱ ሃርቪ ኩሺንግ ለጥቂት ታካሚዎች ደረትን ከፍቶ ከደረት አጥንት ኋላ ያሉትን ኖዶች እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር።

ነገር ግን ሃልስቴድ ታማኝ መዝጋቢ ነበር። ከእያንዳንዷ ታካሚ የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የሴቶቹ ኑሮና ሞት ለዓመታት በደብዳቤ ይጠየቃል። በ1907 ከ200 በላይ የሆኑ ታካሚዎችን ውጤት ሲያቀርብ በሦስት ክፍል ለያቸው። የብብት ኖዳቸው ንጹሕ የነበሩት ከሦስት ዓመት በኋላ አብዛኞቹ ደኅና ነበሩ። ካንሰር ብብታቸው የገባው ግን የዳኑት ጥቂቶች ናቸው፤ አንገታቸው የደረሰው ደግሞ ከዚያም ያነሱ ናቸው። የሊምፍ ኖድ ሁኔታ የሴቲቱን ዕጣ ከሁሉ በተሻለ እንደሚያመለክት ከዚህ ሠንጠረዥ በግልጽ ይነበባል፤ ይህም እስከ ዛሬ ጸንቶ አለ። በኢትዮጵያም የጡት ካንሰር በሴቶች ላይ ከሚገኙት ካንሰሮች ቀዳሚው ሲሆን፣ ብዙዎቹ ታካሚዎች ብብታቸው ከተነካ በኋላ ስለሚመጡ ጉዳዩ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም።

በዚያው የ1907 ሠንጠረዥ ውስጥ ሌላ ነገርም አለ። የብብት ኖዳቸው በማይክሮስኮፕ ታይቶ ንጹሕ ከተባሉት ሴቶች ወደ ሩብ የሚጠጉት በተሰራጨ ካንሰር ሞተዋል። ብብቱ ብቸኛ በር ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። ካንሰሩ ያለፈው በሌላ መንገድ ነው፣ በደምም ሊሆን ይችላል። ሃልስቴድ ቁጥሩን አልደበቀም፤ ጻፈው፣ አስደነቀውም፣ አስተሳሰቡን ግን አልለወጠበትም። የእሱን አስተሳሰብ የሚያፈርሰው ማስረጃ በራሱ መዝገብ ውስጥ ከ60 ዓመት በላይ ተቀምጦ ቆየ።

ጓንት፣ ቡአና ሬዚደንቶች

የጎማ ጓንት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ፍቅር ታሪክ ነው፤ እውነትም ነው። የቀዶ ጥገና ክፍሉ ዋና ነርስ ካሮላይን ሃምፕተን እጇን የምትታጠብበት የሜርኩሪ ውህድ ቆዳዋን ስላቆሰለባት፣ ሃልስቴድ በ1889 እና በ1890 መካከል በነበረው ክረምት ጉድይር የጎማ ኩባንያን ስስ ጓንት እንዲሠራላት ጠየቀ። በጁን 1890 ተጋቡ። የሚገርመው ግን ጓንቱ ለዓመታት የእጅ መከላከያ ብቻ ሆኖ መቆየቱ ነው። ለታካሚው ቁስል ያለው ጥቅም የታወቀው ረዳቱ ጆሴፍ ብለድጉድ በ1890ዎቹ መጨረሻ በየቀዶ ጥገናው ጓንት እያደረገ በቡአ ታካሚዎች ላይ ማመርቀዙ እንደቀነሰ ቆጥሮ ካሳየ በኋላ ነው። ሃልስቴድ ራሱ ያን ያህል ጊዜ ሳያስተውል መቅረቱ በኋላ ያስገርመው ነበር።

የብሽሽት ቡአን የሚጠግን አሠራር በ1889 አወጣ፤ በዚያው ጊዜ ጣሊያናዊው ኤዶዋርዶ ባሲኒ ተመሳሳይ ዘዴ አግኝቶ ስለነበር ክብሩ የሁለቱም ነው። በታይሮይድ ቀዶ ጥገናና በደም ሥሮች ላይም ሠርቷል።

ምናልባት ከሁሉ የቆየው ሥራው የሬዚደንት ሥርዓት ነው። ወጣት ሐኪም በሆስፒታሉ እየኖረ፣ ዓመታት እየቆጠረ፣ ኃላፊነቱ እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ ዋና ሬዚደንት ሆኖ ራሱን ይችላል። በ33 ዓመት ውስጥ እስከ መጨረሻው የደረሱት 17 ብቻ ናቸው። ከእነሱና ከረዳቶቹ መካከል የአንጎል ቀዶ ጥገና አባቶች የሚባሉት ሃርቪ ኩሺንግና ዋልተር ዳንዲ፣ በሽንት ቧንቧ ቀዶ ጥገና የታወቀው ሂዩ ያንግም ይገኛሉ። ዛሬ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሬዚደንት የሚለው ቃል የሚሰማው ከዚሁ ሥርዓት የመነጨ ስለሆነ ነው። ተማሪዎቹ የሃልስቴድን አሠራር በየሄዱበት ስለወሰዱ የጡት ቀዶ ጥገናውም አብሯቸው ተስፋፋ። መምህሩ የተከበረ ሲሆን ትምህርቱን መጠየቅ ይከብዳል።

የግል ሕይወትና ሞት

ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። በባልቲሞር በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ በተለያየ ፎቅ ይኖሩ ነበር፤ በጋውን በኖርዝ ካሮላይና ተራሮች ሃይ ሃምፕተን በሚባለው ርስታቸው ያሳልፉ ነበር። እሷ ፈረስና ውሻ ስትወድ፣ እሱ የዳሊያ አበባ ይተክላል፣ ኮከብ ያያል። በልብሱ በጣም ጠንቃቃ ስለነበር ሸሚዞቹን ለእጥበት ወደ ፓሪስ ይልክ እንደነበር ይነገራል። በየዓመቱ ለረጅም ጊዜ ከሆስፒታሉ ይጠፋል፣ ሥራውንም ለሬዚደንቶቹ ይተዋል፤ የሱሱ ነገር ከታወቀ በኋላ ይህ ባሕርይ ሌላ ትርጉም አግኝቷል። ለታካሚዎቹ ዝምተኛ፣ ለተማሪዎቹ ደግሞ ምላሱ የሚያቆስል ሰው ነበር ይባላል።

በ1919 ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሕመሙ በ1922 ተመለሰና ያሠለጠናቸው ጆርጅ ሂወርና ሞንት ሪድ እንደገና ከፈቱት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በተከተለው ችግር በሴፕቴምበር 7 ቀን አረፈ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ለማደንዘዣው ሥራ አክብሮት ነበር። ካሮላይንም ከእሱ በኋላ ሦስት ወር ሳትሞላ ሞተች።

የቀዶ ጥገናው ዕጣ ከሃልስቴድ በኋላ

ከሞቱ በኋላ ሐኪሞች ለብዙ ጊዜ ጥያቄውን ያነሡት ምን ያህል እንጨምር በሚል ነበር። በ1950ዎቹ አንዳንዶች የጎድን አጥንት ጫፍ እየቆረጡ በደረት ውስጥ ያሉትን ኖዶች ያወጡ ነበር። በሌላ በኩል በብሪታንያ በ1948 ዴቪድ ፓቴይ ትልቁን የደረት ጡንቻ አስቀርቶ ጡትንና የብብት ኖዶችን ማውጣት እንደሚበቃ አሳየ፣ በኤደንብራ ደግሞ ሮበርት ማክዊርተር ጡቱን ብቻ አውጥቶ ብብቱን በጨረር አከመ። በአሜሪካ ግን አንዲት ሴት እብጠቷ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ማደንዘዣ ተሰጥቷት፣ ናሙናው በዚያው ታይቶ ካንሰር ከሆነ ጡትና ጡንቻዋ ወጥቶ ትነቃ ነበር። ይህ ልማድ እስከ 1970ዎቹ ቆይቷል።

ነገሩን የለወጠው የፒትስበርጉ ሐኪም በርናርድ ፊሸር ነው። በላቦራቶሪ የካንሰር ሕዋሳት በሊምፍ ኖድ ውስጥ እንደሚያልፉ፣ ከሊምፍ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሊምፍ እንደሚዘዋወሩ አየ። ኖዱ የተሳካ አጥር አይደለም፤ የካንሰር መኖር በብብት መታየቱ የመላ ሰውነቱን ሁኔታ የሚያመለክት ምልክት ነው አለ። ይህ በወሬ የሚያልቅ ክርክር ስላልሆነ ፈተናው በ1971 ተጀመረ፤ 1,665 ሴቶች ገቡበት። በዳሰሳ ብብታቸው ንጹሕ የነበሩት በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። ለአንዱ ክፍል የሃልስቴድ ቀዶ ጥገና፣ ለሁለተኛው ጡት ብቻ ወጥቶ ጨረር፣ ለሦስተኛው ጡት ብቻ ወጥቶ ብብቱ ካበጠ በኋላ ብቻ እንዲነካ ተደረገ።

ከሃልስቴድ ክፍል የወጣው ሥጋ ሲታይ ከመቶ 40 የሚሆኑት በዳሰሳ ባይታወቅም ብብታቸው ውስጥ ካንሰር ነበረባቸው። ዕጣ ስለሆነ በሦስተኛውም ክፍል ያን ያህሉ መኖራቸው አይቀርም። ሆኖም በዚያ ክፍል በኋላ ብብታቸው አብጦ የተቆረጠላቸው ከመቶ 18 ያህሉ ብቻ ናቸው። በሕይወት የመኖር ልዩነትም አልነበረም፤ የ25 ዓመት ክትትሉ በ2002 ሲታተምም እንዲሁ ነበር። በጣሊያን ኡምቤርቶ ቬሮኔሲ ከ1973 ጀምሮ 701 ሴቶችን፣ ፊሸር ደግሞ ከ1976 ጀምሮ ከ1,800 በላይ ሴቶችን አጥንተው፣ እብጠቱን ከጥቂት አካባቢው ጋር አውጥቶ ጨረር መስጠት ጡትን በሙሉ ከማንሣት ጋር በሕይወት በማቆየት እኩል መሆኑን አሳዩ። በ1979 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተጠራ ጉባኤ የሃልስቴድን ቀዶ ጥገና ከመደበኛ ሕክምናነት አነሣው።

በብብት ላይ ያለው ውሳኔ ግን ከዚያም በኋላ ቀጠለ፤ ኖዶቹ መድኃኒት ለመምረጥ ይጠቅማሉ፣ ሁሉን ማውጣት ደግሞ ክንድ ያሳብጣል። በ1990ዎቹ ዴቪድ ክራግና አርማንዶ ጁሊያኖ ሰማያዊ ቀለም ወይም ጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በጡት ውስጥ ወግተው ሊምፉ መጀመሪያ የሚደርስባቸውን አንድ ወይም ሁለት ኖዶች ለይተው ማውጣት ጀመሩ። እነዚህ ንጹሕ ከሆኑ ብብቱ አይነካም። በ2011 የታተመ የ891 ሴቶች ጥናት ደግሞ እብጠታቸው ብቻ ወጥቶ ጡታቸው በጨረር ለታከመ ሴቶች፣ ከእነዚህ ኖዶች አንዱ ወይም ሁለቱ ካንሰር ቢገኝባቸውም የቀሩትን ማውጣት ዕድሜ እንደማይጨምር አሳይቷል። የሃልስቴድ ሙሉ ቀዶ ጥገና ዛሬ የሚሠራው እጅግ አልፎ አልፎ፣ ካንሰሩ የደረት ጡንቻውን ራሱን ሰርስሮ ሲገባ ነው።